ጓል የበዛበት ገንፎ

ባለቤቴ ምድጃ ዳር የሚቀመጠው ለመሞቅ ብቻ ነው። ከእርሻ ሲመለስ እግሩን ወደ እሳቱ ይዘረጋል፣ ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ከዚያ ስለ በሬዎቹ ያወራኛል። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ድስት ሲያነሣ ያየሁት ጣራው ሲያፈስ ከሥሩ ሊደቅን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ጉልቻው ፊት ቆሞ፣ "ይኸ ውሃ ፈልቷል ወይስ ገና ነው?" ብሎ የጠየቀኝ። ውሃው እየተንተከተከ ክዳኑን ያስጨፍረው ነበር።

እዚህ ላይ እንዴት እንደደረስን ልናገር።

ትልቋ ልጄ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ኑሮዋ ወገዳ ነው፣ ባሏ እዚያ ያስተምራል። በእኛ አገር ሴት ልጅ በኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ስለሆነ ወሯ ሲቃረብ ወደ እኛ መጣች። ባሏ የክረምት ትምህርት ይዞት ደብረ ታቦር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ስልክ ይደውልልኛል፣ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ "በላች?" ይለኛል። እኔም "ትንሽ ቀምሳለች" እለዋለሁ። ውሸቴን ነው።

ልጄ አትበላም። ስትመጣ ደስታዬን ሳልጨርስ ነው ፍርሃት የያዘኝ፤ ፊቷ ጭብጥ አክሏል። የወጥ ሽታ አይሆንላትም፣ እንጀራው ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል፣ ወተት ስትጠጣ ደጅ ወጥታ ትመልሰዋለች። የቀበሌያችን ጤና ሠራተኛ መጥታ ክንዷን በመለኪያ ለክታ ከንፈሯን መጠጠች። "እናቴ፣ ይቺ ልጅ ካልበላች በምጥ ጊዜ ጉልበት ከየት ታመጣለች?" አለችኝ። ለእሷ የሥራ ቃል ነው። እኔ ግን ታናሽ እህቴን ያጣሁት በምጥ ነው። ደክሟት፣ መግፋት አቅቷት። እጇን ይዤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡር ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ሆዷ ላይ ሳይሆን ክንዷ ላይ ነው፤ ሥጋ አለው ወይስ የለውም እላለሁ። የልጄ ክንድ አልነበረውም።

በዚያ ላይ እኔ ራሴ ጎደሎ ሆኜ ነበር። ከምንጭ ውሃ ይዤ ስመለስ ጭቃው አዳለጠኝና ቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። ወጌሻው አንጓዬን በቀርከሃ ስንጥር ጠፍንጎ አሰረና፣ "ይህን እጅ ብትነካኪው ጠማማ ሆኖ ይገጥማል፤ ያን ጊዜ እኔን አትጥሪኝ" ብሎኝ ሄደ። ምግባችንን የምትሠራልን አጥር የሚያገናኘን ጎረቤቴ ነበረች። የልጄ ክርስትና እናት ናት፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች፤ እንጀራውንም ወጡንም ሸፍና ታመጣልናለች። ልጄ ግን ክዳኑ ሲነሣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ያን ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ መደቡ ላይ እንደተኛች፣ "እማየ" አለችኝ።

"ወዬ።"

"ገንፎ አማረኝ።"

ከመጣች ወዲህ ምግብ በስሙ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ፈራሁ። ዱቄቱ አለ፤ ገብሱን ቆልቼ፣ አስፈትጌ፣ አስፈጭቼ ለአራስነቷ በስልቻ አስሬ ሰቅየዋለሁ። የአራስ ዱቄት ግን ቀኑ ሳይደርስ እንዴት ይፈታል? ክልክል ነው ያለኝ ሰው የለም። ቄስም አልነገረኝም። እኔ ነኝ የምፈራው።

የባሰው ፍርሃት ደግሞ ሌላ ነው። በአንድ እጅ ገንፎ አይገነፋም፤ አንዱ እጅ ድስቱን ይይዛል፣ ሌላው ያማስላል። ሰው መጥራት አለብኝ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ወሯ የደረሰ ሴት ባለችበት ቤት ጠዋት ገንፎ ተሠራ ከተባለ ወለደች ማለት ነው። ማንም አይጠይቅም። ሴቱ ነጠላውን ጣል ያደርግና ቅቤውን ይዞ እልል እያለ ይመጣል። ምጥ እኛ ዘንድ የሚደበቅ ነገር ነው፤ ሰው ባወቀው ቁጥር ይረዝማል እንላለን። ስለዚህ ጎረቤቴን "ነይ ገንፎ አገንፊልኝ" ብላት ያልመጣውን ምጥ ከነርዝመቱ የጠራሁት መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በሹክሹክታ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እኔ እሠራዋለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ገንፎውን ነዋ።"

"ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?"

"ስንት ዘመን በልቸዋለሁ እኮ።"

ልጄ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና፣ "አባየ፣ ለመሆኑ ማማሰያው የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችው።

"እርፍ የሚመስለው ነዋ። ማረሻ የያዘ እጅ እሱ ያቅተዋል?"

"በሩን ዝጋው" አልኩት።

"ምነው፣ በግ ሰርቀን የምናርድ አስመሰልሽው።"

"ዝጋው ብየሃለሁ።"

ዘጋው፤ የአራሱንም ስልቻ አውርዶ ፈታና ዱቄቱን በቅል ቀዳ። እንዲህ ነው ውሃው ወደ ተንተከተከበት ቦታ የደረስነው።

እኔ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በአፌ እሠራለሁ፣ እሱ በእጁ። "ጨው ጨምር፣ ቆንጠር አድርገህ" አልኩት። የሱ ቁንጣሪ ለበሬ ጨው የሚያልስ ሰው ቁንጣሪ ነው። ገና እንደጨመረው ውሃውን በጭልፋ አስቀዳሁትና ሌላ ውሃ አስጨመርኩት። "አሁን ከፈላው ውሃ ቀንስና ለብቻ አስቀምጥ" አልኩት።

"ለምን ይቀነሳል?"

"ገንፎው ሲጠጥርብህ መልሰህ ትጨምረዋለህ።"

"መልሼ የምጨምረው ከሆነ እዚያው ቢቀመጥስ?"

እናቴ ስታስተምረኝ እኔም አልጠየቅኋት። "ዝም ብለህ ቀንስ" አልኩት።

"ዱቄቱስ ስንት ነው?"

"እስኪበቃው።"

"በቃኝ ይላል?"

"ታየዋለህ።"

"እኔ ምኑን አውቄ ነው የማየው? ጤፍ ቢሆን ለዚህ ማሳ ይኸን ያህል ብዬ እነግርሽ ነበር።"

እውነቱን ነው። እኔ በእጄ የማውቀውን አፌ አያውቀውም። ምግብ ሠርቼ ያደርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን በቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር። "እሺ፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ ጨምር፣ እየጨመርክ አማስል" አልኩት።

እንዴት እንደጨመረ ያላየ አያምነኝም። የዱቄቱን ቅል በግራ ክንዱ አቀፈ፣ ቀኝ እግሩን ወደፊት አስቀደመ፣ እፍኝ ሙሉ ዘገነና ክንዱን ከፍ አድርጎ ዘራው። ገብስ እንደሚዘራው። ዘር ሲበትን የኖረ እጅ ሌላ መንገድ የለውም ይመስለኛል። ግማሹ ድስቱ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ እሳቱ ላይ ወድቆ ተንጣጣ፣ የተረፈው ጢሙ ላይ ቀረ። ያረረ ገብስ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ በጣራውም ወጥቶ ሄደ።

"አማስል እንጂ" አልኩት።

"እየዘራሁ ነው እኮ።"

"አንድ ላይ ነው የሚሠራው።"

"በስንት እጅ?"

ዘሩን ጨርሶ ወደ ማማሰያው ሲመለስ ዱቄቱ ጓጉሎ ጠብቆታል። ድስቱ ውስጥ ያለው ገንፎ ሳይሆን ጥቅምት ላይ የተገለበጠ መሬት ነው፤ ጓል በጓል። እሱ ደግሞ ጓል ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ መከስከስ። ማማሰያውን በሁለት እጁ አንሥቶ ይደበድበው ጀመር። "ቀስ በል" እያልኩት ቀጭ አለና ለሁለት ተሰበረ። ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ማማሰያ ነበር። ግማሹን ይዞ አየኝ፤ በእርሻ ማረሻ የተሰበረበት ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

"ሂድ ጎረቤት ተዋስ" አልኩት፤ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ። "ለምን ካለችህ ለሽሮ በል። ገንፎ የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ።"

"እሺ፣ ሽሮ" ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወፍራም ማማሰያ በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ተመለሰ። ደስ ብሎታል።

"ጠየቀችህ?"

"ምንም አልጠየቀችኝም። ትክ ብላ አየችኝና 'ማርያም ከናንተ ጋር ትሁን' ብላ ሰጠችኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። እንዲያውም ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። ደግ ሴት ናት።"

ያን ጊዜ ነው እኔም ትክ ብዬ ያየሁት። ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ጢሙ ነጭ ነው። አንድ ቅንድቡ ነጭ ነው። የሰጠችው ማማሰያ ደግሞ ሽሮ የሚማሰልበት ቀጭኑ አይደለም፤ ገንፎ ብቻ የሚገነፋበት ነው። ጎረቤቴ ምን እንዳሰበች ገባኝ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ምን ይረባኛል፣ የፈሰሰውን ልሰበስበው አልችል።

ገንፎው ደግሞ መብዛቱ። ቀጠነ ብዬ ዱቄት አስጨምረዋለሁ፣ ጠጠረ ብዬ ውሃ አስጨምረዋለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ድስቱን አፉ ድረስ ሞላው። ለአንዲት ታማሚ የተጀመረው ቁርስ ደቦ ሊያበላ ደረሰ። ላቡ እየተንጠባጠበ፣ "ይኸንን በየቀኑ ነው የምትሠሩት?" አለኝ። "ገንፎ በየቀኑ አይሠራም" አልኩት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

በትልቁ ገበታ ላይ ገለበጠው። መካከሉን ቦርቡረህ ቅቤና በርበሬውን እዚያ አፍስስ አልኩት። ቦረቦረ። ግን ጉድጓዱን ወደ ዳር አስጠግቶት ኖሮ የቀለጠው ቅቤ አንዱን ጎን ሰብሮ ወጣ። እሱም እንደ ቦይ ውሃ በጣቱ ሊገድበው ተሯሯጠ፤ በዚህ ሲገድበው በዚያ ያመልጠዋል። "ያዘው አባየ፣ ማሳው ሊወሰድብህ ነው" አለች ልጄ። ዞር ብዬ ሳያት ቁጭ ብላለች፣ ትስቃለች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች። ከመጣች ወዲህ ጥርሷን አላየሁትም ነበር።

ወዲያው ከደጅ ጭቃ የሚረግጥ ብዙ እግር ሰማሁ። ከጣራው ክፈፍ ሥር ሲደርስ ቆመ። ሹክሹክታው በበሩ ስንጥቅ ይገባል።

"ወንድ ነው ሴት?" ትላለች አንዷ።

"እኔ አልጠየቅሁትም" ትላለች ጎረቤቴ። "ዱቄቱን ሳየው ዕንባየ መጣ፣ ሳልጠይቀው ሄደ።"

"ታዲያ እልልታውን በስንት እንላለን?" ለወንድ ሲሆን ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል፤ ልክ አለው።

"የሰውየው ፊት እንዴት ነበር?"

"ፊቱማ በርቷል።"

"እንግዲያ ወንድ ነው።"

"ለምን፣ ሴት ብትሆን ሊጠቁር ኖሯል? እኔ ስወለድ አባቴ በግ አርዷል።"

"ያንቺ አባት ለበግ ሰበብ አጥቶ አያውቅም።"

"በሉ ዝናቡ ደበደበን፣ ጀምሩና ሲበቃ እናቆማለን።"

ጀመሩት። አንዷ ለሴት የሚበቃውን ብላ ስታቆም ሌላዋ ትቀጥላለች፣ ያቆመችው ተሳስቼ እንደሆነ ብላ እንደገና ትገባለች። ባለቤቴ ቅቤ የነካው ጣቱን አንሥቶ ከልቡ፣ "ማን ወለደ?" አለኝ።

"አንተ ነህ የወለድከው" አልኩት።

በሩ ተከፈተ። ጎረቤቴ ከፊት ናት፤ ከኋላዋ አንዷ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ፣ አንዷ እርጎ በቅል ይዛ፣ ሌሎቹም ነጠላቸው እስከ ጫፉ ርሶ። ጎረቤቴ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ መደቡ ሄደች፣ ልጄን ልትስም ጎንበስ አለች፣ እጇ ሆዷ ላይ አረፈ። ሆዱ እንዳለ ነው። እጇን ሳታነሣ ወደ ባለቤቴ ዞረች።

"ልጁስ?"

"የምን ልጅ?"

"ገንፎው ታዲያ ለማን ነው?"

"አማራት።"

በግ ያረደላት አባት የነበራት ሴትዮ፣ ሰፈሩ ውስጥ አፏ የማያርፍ ናት፣ እርጎዋን መሬት አስቀምጣ ሳቋን ለቀቀችው። ሌሎቹም ተከተሏት። ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። "ሳትወልድ እልል አላችሁባት" አልኩ። ዕንባዬ መጣ።

ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ደህናውን እጄን ያዘች። እህቴን አብራኝ የቀበረች ሴት ናት፣ ምን እንደምፈራ ማስረዳት አላስፈለገኝም። "እልልታው ለማርያም ነው" አለችኝ። "አስቀድመን ብናመሰግናት የምትቀየም ይመስልሻል?"

ዕንባዬን በትከሻዬ ጠረግሁ።

"ደግሞ በር ዘግተሽ ብቻሽን ምን ያስፈራሻል? ፍሪ፣ አልከለከልኩሽም። ግን ከኛ ጋር ሆነሽ ፍሪ።"

ይህን ብላ ነጠላዋን አራገፈችና፣ "በሉ፣ ሰውየው የደከመበት ሳይቀዘቅዝ" ብላ ወደ ገበታው ተጠጋች። ገበታውን ልጄ አጠገብ አምጥተው ከበቡት። ሁሉም ጎረሱ። ሁሉም ማላመጣቸውን አቆሙ።

"ይኸ ገንፎ" አለች አፈኛዋ፣ "አንድ እርሻ ይቀረዋል።"

"ደግሜ ልረሰው?" አለ ባለቤቴ።

"ጓሉን ሳትከሰክስ ምነው ቸኩለህ ዘራህ?"

"ከስክሼው ነበር። እርፉ ተሰበረብኝ።"

"እዩት፣ ውጭው ገንፎ ውስጡ በሶ። ቁርስና ስንቅ ባንድ ድስት።" እውነቷን ነው፤ ጓሉ ሲፈነከት ውስጡ ውሃ ያልነካው ደረቅ ዱቄት ነው፣ ሲያስሉ ቡን ይላል።

እኔ ቀልዱን የምሰማው በአንድ ጆሮ ነው። ዓይኔ ያለው ልጄ እጅ ላይ ነው። ጥቂት ቆርሳ ቅቤውን ነካ አድርጋ ጎረሰች። ዋጠች። ሁለተኛ ቆረሰች፣ ጓል ነበረበት፣ ጥርሷ ላይ ተፈነከተ። ቀጥ አለች። እኔ ልትመልሰው ነው ብዬ በግራ እጄ ጣሳ አንሥቼ ተነሣሁ።

"እማየ፣ ይኸ ነው" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ይኸ ደረቁ። ያማረኝ ይኸ ነው። ስሙ ጠፍቶኝ ነው ገንፎ ያልኩሽ።"

እንደዚያ ያለ ፍለጋ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሴቶቹ መብላቱን ተዉና ገንፎውን በጣታቸው ይፈትሹት ጀመር። "ይኸውልሽ፣ ይኸ ደህና ነው።" "ይኸኛውማ እንቁላል ያህላል።" "እኔ ዘንድ ያለው ሁሉ ለሰለሰ፣ በናንተ በኩል ነው ያደላው።" ያገኙትን ጓል ሁሉ ወደ ልጄ በኩል ይገፉላታል፣ እሷም እየፈነከተች ቅቤ እያስነካች ትበላለች። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና፣ "ሆን ብየ ነው የተውኩላት" አለ። አፈኛዋ እንኳ ዝም አለችው።

ከበላች በኋላ ጠበቅሁ። ሴቶቹም ሳይመካከሩ ጠበቁ፤ ወሬ የያዙ ይመስላሉ እንጂ ሁሉም ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። ደጅ ሳትወጣ ቀረች። ወደ ጎኗ ዘንበል አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ስልኩ ሲጮህ ቀድሜ አነሣሁትና ባሏ ሳይጠይቀኝ "በላች" አልኩት። "ትንሽ?" አለኝ። "ኧረ ብዙ" አልኩት። እንደገና አስደገመኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ በሬዎቹን ሳይጠምድ በፊት ገንፎ ይሠራል። በጾሙ ቀን በተልባ፣ በፍስኩ በቅቤ። ጎረቤቴ አንድ ቀን ላግዘው ብላ እንደ ሐር የለሰለሰ ገንፎ አመጣችልን፤ ልጄ ቀምሳ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ገፋችው፣ የአባቷ እስኪደርስ ጠበቀች። ወሬው አርብ ገበያ ሳይቀር ደርሶ ኖሮ ጓደኞቹ፣ "እንዴት ነው፣ ዛሬ ምን አገነፋህ?" ይሉታል። "እናንተ ጓሉን ሠርታችሁ አሳዩኝ" ይላቸዋል።

ግን እጅ ይለምዳል። እየዋለ እያደረ ጓሉ ማነስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ድስቱን ይዞ ወደ እኔ መጣና ልጄ እንዳትሰማ ዝቅ ብሎ፣ "ጠፋብኝ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ጓሉ። ከፍ አድርጌ ዘራሁት፣ ማማሰሉን አዘገየሁት፣ እንደዚያን ቀን አድርጌው ነበር። ይኸው ለሰለሰ።"

አየሁት። የእኔን የሚያህል ገንፎ ነው፣ አንድ እንከን የለውም። ሌላ ሴት ብሆን ባሌ ሞያ ለመደ ብዬ እመካ ነበር። እኔ ግን እንደገና ፈራሁ፤ ልጅቷ የምትኖረው በጓሉ ነበር። ዱቄቱን ለብቻው ልንሰጣት ሞክረን ነበር፣ ያንቃታል። ምንም ማድረግ ስላልቻልን አቀረብንላት። ገበታውን በጣቷ ዙሪያውን ፈተሸችው። አጣች። ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ እሱ እንደ ተማሪ ቆሞ ይጠብቃል። ጎረሰች።

"አባየ፣ ዛሬ ገንፎ ሆኗል" አለችው፣ እየበላች። በላችው ሁሉንም። ሆዷ ለምግብ ተከፍቶ ኖሯል፣ እኛ አላወቅንም። ክንዷንም ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት፤ ነጠላዋ ሲንሸራተት ሙሉ ነው።

ምጡም የመጣው በጠዋት ነው። "እማየ፣ ወገቤን እየቆረጠኝ ነው" አለችኝ። እኔም በሩን ከፍቼ ወጣሁና ጎረቤቴን በአጥሩ ላይ ጠራኋት፤ ጮክ ብዬ ነው የጠራኋት፣ የሰማ ይስማ ብዬ። ወንዶቹ ቃሬዛ ሊያዘጋጁ ተሯሯጡ፤ አምቡላንሱ በክረምት ከመኪና መንገዱ አያልፍም፣ እስከዚያ መሸከም አለባት። ልጄ ግን ምድጃው ላይ ያለውን ድስት እያየች፣ "አባየ ይጨርስ። በልቼ ልሂድ" አለች። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ምጡ ሲመጣ እጄን ትጨብጣለች፣ ሲለቃት ትጎርሳለች፣ ሲመጣ ትጨብጠኛለች። አባቷ ድስቱን እየጠረገ ያቀርብላታል። ገበታው ባዶ ሲሆን እጇን ታጠበችና በራሷ እግር ተነሥታ ወደ ቃሬዛው ሄደች።

ሴት ልጅ ነው የወለደችው፣ ከቀትር በኋላ፣ ጤና ጣቢያ። አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች ብቅ ብላ፣ "ጉልበት አላት ልጅሽ፣ ጥሩ አድርጋ ገፋች" አለችኝ። እኔ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ባለቤቴ አጠገቤ። አዋላጇ ተመልሳ ስትገባ ሁለታችንም የሕፃኗን ለቅሶ ሰማን። ወፍራም ድምፅ ነው ያላት።

ቆይቶ፣ "እኛ ቁርስ አልበላንም እኮ" አለኝ።

"ሁሉንም ለሷ አቀረብከዋ።"

ተነሥቶ ሄደና ዳቦ በፌስታል፣ ሻይ በብርጭቆ ይዞ መጣ። የታሰረው እጄ ቢፈታም ገና አይጨብጥም ነበር። ዳቦውን ቆርሶ ሻይ ውስጥ ነከረና አጎረሰኝ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ሌላ ቀን ቢሆን አፍር ነበር። በላሁ።